በዴራ የውሃ ቦኖ አጠገብ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ተጕዘን፣ አዋሽን በመልካሳ በኩል ከተሻገርን በኋላ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዴራ ደረስን። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ከሩቅ ቢታይም፣ ይህ ቆላ ዝናም የሚያጥረው አገር ነውና ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ እንስራ አዝለው ረጅም መንገድ ይመላለሱ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት ግን በስዊድን መንግሥት ርዳታ የደጋው ምንጭ በቧንቧ ወደ ቆላው ወረደ። በዚያ ሥራ እጅግ የሚያስመሰግነው ሴቶቹ ቀጂዎች ብቻ ሆነው አለመቅረታቸው ነው፤ በኮሚቴ ገብተው መክረዋል፣ በየቦኖውም ውሃ አስቀጂዎች ሆነው ሠርተዋል።

ወደ ማታ ከአንድ ቦኖ አጠገብ ቆመን ተመለከትን። ቦኖው ለሴቶቹ አደባባያቸው ነው፤ የወለደችውም፣ ያዘነውም፣ የእህሉም ዋጋ የሚሰማው በዚያ ነው። ነገር ግን ወንዶቹ ተቀምጠው የሚጫወቱበት ዛፍ ጥላ ሲኖረው፣ ሴቶቹ ተራ የሚጠብቁበት ስፍራ ጥላም መቀመጫም የለውም። አንዲትን ባልቴት፦ «እናቴ፣ ምን ይጐድላል?» ብለን ብንጠይቃቸው፦ «ልጄ፣ የሞላ ጀሪካን ከመሬት አንሥቼ ማዘል አቅቶኛል፤ ወገቤ ድረስ ከፍ ያለ ድንጋይ ቢኖር ማንንም አልለምንም ነበር» አሉን። ይህን ጕድለት ውሃ ተሸክሞ የማያውቅ መሐንዲስ ከወዴት ያገኘዋል?

በኦስትሪያ አገር በቪየና ከተማ በ1980ዎቹ ዓመታት ሴቶች መሐንዲሶች አንድ የመኖሪያ ሰፈር ነድፈው ነበር፤ እነርሱም እናት ምግብ እያበሰለች ልጆቿን በግቢው ለመጠበቅ እንድትችል አስበውበታል። አርሲ ግን ሴትን በአደባባይ ማዳመጥን ከሩቅ አገር መማር አያሻውም። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ሲንቄ ትባላለች፤ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በወጡ ጊዜ ጠበኞች ይለያያሉ፣ ሽማግሎችም አቤቱታቸውን ይሰማሉ።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር፣ ምስክር ሳይሰማ የተቈረጠ ፍርድ ይግባኝ እንደሚከተለው አይተናል። የከተማ ፕላንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቦኖ፣ ገበያ ወይም የጋራ ግቢ የምታሠሩ ሹማምንት ሆይ፣ ካስማው ሳይተከል አስቀድሞ ተሸካሚዋ ትጠየቅ። አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ማስቀመጥ ወጪው ጥቂት ነው፤ የባልቴቲቱን ወገብ ግን ያሳርፋል።