ዝናብ፣ ሙቀትና የዓባይ በረሃ ድኩላ

ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ደወለልኝ። የአደን ፈቃዱን አውጥቶ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ ጫካ ቢገባ አጋዘኖቹ የሉም። «ብርዱ ቀረ፤ ወንዶቹ ሴቶቹን የሚያሳድዱበት ጊዜ ነበር፣ ሙቀቱ አስቀራቸው መሰለኝ። ዝናቡ ደግሞ ያገኘነውን ዱካ አጠበው። እኛ አገር ዝናብና አደን እንዴት ነበር?» አለኝ። በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። ነገሩ ግን ቢቸናንም ሞጣንም የሚነካ ስለሆነ በሰፊው ልጻፈው።

መጀመሪያ የእሱን አገር ነገር እንይ። እዚያ ያለው አጋዘን የስሪያውን ጊዜ የሚያውቀው በብርድ አይደለም። የሚያውቀው በቀኑ ርዝመት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በጋ ላይ ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ ክረምታቸው ሲገባ ከ9 ሰዓት በታች ይወርዳል። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የእንስሳው አካል ይለወጣል፤ ስሪያው በኛ አቆጣጠር ኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ይደምቃል። ዓመቱ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ያ ቀን ብዙም አይዛነፍም። ሙቀት የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው። እንስሳው በዚያ ወቅት ወፍራሙን የክረምት ጸጉሩን አብቅሏል፤ ቀኑ ሲሞቅበት ጥላ ይዞ ይውልና ሴቶቹን የሚፈልገው ሌሊት ይሆናል። ስሪያው አልቀረም፣ ከሰው ዓይን ተሰወረ እንጂ። ካፊያም ቢሆን እምብዛም አያግደውም፤ ዶፍና ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ነው ጥሻ የሚይዘው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ዘንድ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው የሰሜኑ አጋዘን የለም፤ በአፍሪካ የዚያ ወገን ተወላጅ የሚገኘው በሰሜን ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ዱር ብቻ ነው። የኛዎቹ ቀንዳቸው እስኪሞቱ አብሯቸው የሚኖር ናቸው። ከቢቸና ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደልና ጥሻ፣ ከሞጣ በታች እስከ ሰባራ ድልድይ ባለው ቆላ፣ ወደ ቾቄም ሲወጡ የሚታወቁት ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ናቸው። ድኩላው ብቻውን የሚሄድ፣ ሲደነግጥ እንደ ውሻ የሚጮህ ነው፤ የደጋችን ወንድ ድኩላ ጸጉሩ ወደ ጥቁር ያደላል፣ በዓለም ላይም የምኒልክ ድኩላ ተብሎ ይታወቃል። ሰስ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘለው ነው፤ ወንድና ሴቷ ተለያይተው አይውሉም፣ አንዱ ሲግጥ ሌላው ቋጥኝ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሚዳቋ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ እግራችን አጠገቧ ሲደርስ የምትፈነጠር ናት።

ለእነዚህ ለሦስቱ የቀን ርዝመት ብዙ የሚነግራቸው ነገር የለም። ቢቸና ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የተቆረጠ የስሪያ ወር የላቸውም። ድኩላም ሚዳቋም በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ወር ሊወልዱ ይችላሉ። እርግዝናቸው ስድስት ወር ገደማ ነው፤ ግልገሉ ሲወለድ እናቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቀውና ራቅ ብላ ትግጣለች፣ ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች። የሚገዛቸው ዝናቡ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ለምለም ይኖራል፣ ለምለም ሲኖር ወተት ይኖራል። ዝናቡ ሲዘገይ የከሳች ሴት ወንድ ለመፈለግም ትዘገያለች፣ ብትወልድም ግልገሏን ለማሳደግ ይቸግራታል።

ለአክስቴ ልጅ በስልክ ያልነገርኩት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። እሱ በስሪያ ወቅት ሲያድን ሕግም ተፈጥሮም ደግፈውታል። እዚያ ግልገሎቹ የሚወለዱት ግንቦትና ሰኔ ላይ ተሰብስበው ስለሆነ፣ አደኑ ሲከፈት ጡት ጥለው ራሳቸውን ችለዋል። በዚያ ሰሞን እናት ብትሞት ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቃት ግልገል የለም። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ደህና ወር አይገኝም። ኅዳር ላይ የተተኮሰች ሚዳቋ የምታጠባ ልትሆን ትችላለች፤ የካቲት ላይ የተተኮሰች ድኩላ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች። እናት ከሞተች ግልገሉ ከተደበቀበት ሳይነሣ በረሃብ ያልቃል። ተኳሹ ይህን አያየውም፤ አንድ ገደልኩ ብሎ ይሄዳል እንጂ ሁለት መግደሉን አያውቅም።

የአደኑን ጥበብ በተመለከተ ግን አባቶቻችን ዝናብና ሙቀትን አብጠርጥረው ያውቁ ነበር፤ እውቀቱ ከእነሱ ጋር እንዳይቀር መጻፉ ተገቢ ነው። የዓባይን በረሃ የለመደ ሰው ከጠመንጃው ይልቅ ለነፋሱ ይጠነቀቃል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ከቆላው ወደ ደጋው ይወጣል፤ ሲመሽ ደጋው ይቀዘቅዝና አየሩ ቁልቁል ይወርዳል። ረፋድ ላይ ከአፋፉ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ አዳኝ ሽታው ወደ ኋላው ስለሚሄድ አይታወቅበትም። ያው ሰው እዚያው አፋፍ ላይ እስኪመሽ ቢቆይ ግን ሽታው ቀድሞት ይወርዳል፣ ድኩላውም ሳይታይ ይሄዳል። ደመና ሲውል ይህ ሁሉ ይዛባል። ገደሉ ስለማይሞቅ ነፋሱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ሽታ ይቆያል። ጉም በወረደበት ቀን ዓይን የማያየውን የድኩላ አፍንጫ ያውቀዋል።

መሬቱም ሌላ ነገር ይነግራል። ካፊያ ካባራ በኋላ የተገኘ ኮቴ የዛሬ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቅጠሉም ስለረጠበ ሲረገጥ አይንኮሻኮሽም። ስለዚህ ቀላል ዝናብ ለአዳኝ ይመቻል። ዶፍ ሲሆን ግን ጎርፉ ዱካውንም ደሙንም ጠርጎ ይወስደዋል። የቆሰለ እንስሳ በዶፍ ውስጥ ካመለጠ አይገኝም፤ ጥሻ ገብቶ ለቀናት ይሠቃያል። በዝናብ ቀን መተኮስን የምጠላው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። በበጋው ሐሩር ደግሞ ምንጩ ሁሉ ሲደርቅ እንስሳው ወደቀረችው አንዲት ውኃ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ መውረዱ ግዴታው ነው። እዚያ አድፍጦ መግደል ምንም ጥበብ አይጠይቅም። ውኃ የጠማውን ፍጥረት ውኃ ላይ ጠብቆ መግደል ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕግ ሳይጻፍ እንስሳውን ያተረፈው ምን ነበር ብትሉኝ መልሴ ጾም ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም አለ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ አሉ። ሥጋ የማይበላ ሕዝብ ለሥጋ ብሎ በረሃ አይወርድም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ገበሬው ከእርሻው ጋር ነው፣ የሱሃና የሙጋ ወንዞች ሞልተዋል፣ ሣሩ ሰው ይውጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የዓመቱ ትልቁ ክፍል ለድኩላው ዕረፍት ይሆን ነበር። የሰሜን ተራሮችን ዋልያ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የዋልያ ወንዶች በቀንድ የሚጋጩበት ስሪያ የሚደምቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ የዚህ ጊዜ አንዱ ክፍል ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ግልገሎቹም የሚወለዱት ክረምቱ ሲወጣ፣ ገደሉ በለመለመበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። የባሌው የደጋ አጋዘን፣ በ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው፣ ስሪያው የሚበረታው ታኅሣሥ ላይ ሲሆን የሚወልደው በብዛት ዝናቡ ሲያልቅ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይደለም፣ ሁለቱም ቀን የሚቆጥሩት በዝናባችን ነው።

ታዲያ ዝናባችን ሲዛባ ምን ይሆናል? በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን ሲያስቀር በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ለሰው ጮኸናል፣ ለከብቱም አዝነናል፤ ስለ ዱር እንስሳው ግን ማን አነሣ? ቀድሞ ቢሆን እንስሳው ራሱ መፍትሔ ነበረው። ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ዓባይ ከሥሩ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ከላይ እስከ ታች ያለው የሙቀት ልዩነት እስከ 9 ዲግሪ ይደርሳል። ቆላው ሲያቃጥል ወደ ደጋው መውጣት፣ ደጋው ሲወርጭ ወደ ቆላው መውረድ ይችል ነበር። ዛሬ ያ መንገድ ተቆርጧል። ዳገቱ ታርሷል፣ ጥሻው ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሯል፣ ያልታረሰውም ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ሚዳቋ የምትግጠው ነገር ብዙ አይበቅልም። ለመሸሸጊያ የቀሩት የገደሉ አፋፎችና የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ዝናብ ሲበዛም፣ ሐሩር ሲጸናም እንስሳው የሚጠጋው ወደ እነዚህ ነው።

ጾሙስ? ጾሙ አለ፤ ጠመንጃው ግን ከቀድሞው በዝቷል፣ ጥይቱም እጅ ላይ ነው። የሚተኩሰው ለረሃብ ሳይሆን እንዲያው እጁን ለማሟሸት የሆነ ሞልቷል። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቢያውቅስ ገደሉ ሥር ወርዶ ማን ይጠይቀዋል? ስለዚህ እኔ ተስፋ የማደርገው በመንደሩ ሰው ነው።

ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ሞጣ ላላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አለ። በቤተ ክርስቲያን ደን የተጠጋን ድኩላ ማንም እንዳይነካው ቄሶቻችን በዐውደ ምሕረት ይናገሩልን፤ ቃላቸው ከማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማል። በየቀበሌው ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ ምንጭ ዳር አድፍጦ የሚተኩሰውን ልጅ ጠርታችሁ ምከሩት፤ የምታጠባውን ሚዳቋና የተደበቀውን ግልገል ነገር ንገሩት፣ ብዙው ስለማያውቅ ነው። የዱር ሥጋ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ አትግዙት። ለአክስቴ ልጅ ደግሞ መልሴ ይህ ነው፦ አንተ ፈቃድህን ይዘህ በወቅቱ አድን፤ የኛዎቹ ወቅት ስለሌላቸው ዓመቱን ሙሉ ይተዉ።