ኤፍ-5ን መርካቶ ላይ ማብረር

ኦንላይን የጦር አውሮፕላን ጌም ለሚያምራችሁ፣ ምርጫው በዋር ተንደርና በዲሲኤስ መካከል ነው። መርካቶ ላሉ ጌም ቤቶች የሚመቸው የመጀመሪያው ነው። ነጻ ነው፣ በማውስ ይበራል፣ ደከም ያለ ኮምፒውተርም አይከብደውም። ግን ከፕሮፔለር ጀምራችሁ፣ ነጥብ ለቅማችሁ ጄት ላይ እስክትደርሱ... ወዮላችሁ! (ከፋይ ይቀድማል፤ መርካቶ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።)

ዲሲኤስ ሌላ ዓለም ነው። ሞተር ለማስነሳት ብቻ ስንት ማብሪያ ይነካል! ግን ኤፍ-5ኢም ሚግ-21ም አሉት። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ሰማይ ላይ የተፋለሙት እነዚህ ናቸው፤ የእኛ ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚጎች ጣሉ። ወሬውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የገባኝ ግን ሚጉን ራሴ ሳበር ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ ስታዞሩት ፍጥነቱ ይከዳችኋል፣ ትንሿ ኤፍ-5 ከኋላ ትለጠፍባችኋለች። እርግጥ አውሮፕላን ብቻውን አይዋጋም። የእነ ለገሠ ተፈራን ሥልጠና የሚሸጥ ጌም የለም።

የሚያናድደኝ፣ ሁለቱም የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። የራሳችንን ጦርነት ለመብረር ዶላር! ከነጻዎቹ ካርታዎች አንዱ ደግሞ ካውካሰስ ነው፤ ሐረርን የናፈቀ ጆርጂያ ላይ ይዞራል። ኮኔክሽኑ ከተንቀራፈፈ ደግሞ መታሁት ያላችሁት ሚግ፣ ምንም እንዳልሆነ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።