ማንዋሉ የት ሄደ?

ላፕቶፔ ላይ ዴቢያን ጭኜ ውጫሌ የገባሁ ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም። ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ከፈትኩ። ፕሮግራሙ አለ፣ ማንዋሉ የለም! ለካ ሆን ተብሎ ነው።

የማንዋሉ ፈቃድ ማንም እንዲቀዳውና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል፤ ውስጡ ያለውን «የጂኤንዩ ማኒፌስቶ» ግን መቀየርም ማውጣትም አይቻልም። ዴቢያኖች በ2006 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥተው፣ እንዲህ ያለ የማይነካ ክፍል የያዘ ሰነድ ከዋናው ስብስብ ይውጣ አሉ። ማንዋሉ «ነጻ ያልሆነ» ወደሚባለው ክፍል ተገፋ። እሱን ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል።

ተናደድኩ። የማኒፌስቶው ጸሐፊ የሪቻርድ ስቶልማን ስጋት ግን ይገባኛል፤ ሐሳቤን እንዳያጣምሙብኝ ነው። ውጫሌ ተቀምጦ ይህን አለመረዳት ይከብዳል። በ1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የአንድ ግስ ነገር፣ መጨረሻው ዓድዋ።

ነገር ግን ሸፍጡ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ፈቃዱም ማኒፌስቶውን ብተረጉመው እንግሊዝኛውን አብሬ እንዳስቀምጥ ያስገድደኛል፤ እሱስ ይሁን። ለሰፈሩ ልጆች ስለ ፋይል አከፋፈት ሁለት ገጽ ቀንጭቤ ላዘጋጅ ስል ግን ማኒፌስቶው ሙሉውን ይከተለኛል። ፎቶ ኮፒ ደግሞ የሚከፈለው በገጽ ነው።

ስለዚህ እያጉረመረምኩም ቢሆን ከዴቢያን ጋር ነኝ። ማንዋሉን ደሴ ሄጄ አወረድኩት። ሁለቱን ገጽ ግን ከማንዋሉ ሳልገለብጥ፣ ከራሴ በአማርኛ እየጻፍኩት ነው።