በሰማይም ነውር አለ

ደብረ ዘይት ላደገ ልጅ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ሚግ ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እናቶች ያማትባሉ፤ እኛ ልጆቹ ወደ ውጭ እንሮጣለን። ከሰፈራችን ልጆች አብራሪ መሆን ያልተመኘ አላውቅም። ለእኔ የቀናኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከሦስት አበሾች ጋር በተከራየነው አፓርታማ ሳሎን ነው። አውሮፕላኑ የኮምፒውተር፣ መሪውም ከሱቅ በርካሽ የገዛሁት ጆይስቲክ ነበር።

ጨዋታው ኤሲስ ሃይ ይባላል። ሃይቴክ ክሪኤሽንስ የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ ነው። ዘሩ ግን ከዚያ ይቀድማል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት የሚባለው ኤር ዋርየር እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር፣ የሠራው ኬስማይ ኩባንያ መቀመጫው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሻርለትስቪል ነበር። ያኔ ተጫዋቹ የሚከፍለው በሰዓት ነው። እኔ ስደርስ በወር 14 ዶላር ከ95 ሳንቲም የከፈለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢበር ጠያቂ አልነበረበትም። የእኔ ጠያቂዎች የቤት ጓደኞቼ ነበሩ። ኢንተርኔቱ የሚገባው በስልክ መስመር ስለሆነ፣ እኔ ሰማይ ላይ ሳለሁ አዲስ አበባ መደወል አይቻልም። «ኧረ ስልኩን ልቀቅልን! የገዛሁት ካርድ ቀኑ ሊያልፍ ነው!» የሚል ድምፅ ከኩሽና ሲመጣ፣ ጠላት ከኋላዬ ይኑር አይኑር ሳላጣራ መውረድ ነበረብኝ።

ሰማዩ በሦስት አገሮች የተከፈለ ነው፤ ስማቸው ከቼዝ የተወሰደ፣ ቢሾፕ፣ ናይትና ሩክ። እያንዳንዱ የራሱ አየር ማረፊያዎች አሉት፤ የሌላውን ለመንጠቅ ቀን ከሌት ይዋጋል። ተቀናቃኝህ ማሽን ሳይሆን የሆነ ቦታ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ብቻዬን ተነስቼ ብቻዬን እየተመታሁ ስከርም፣ አንድ ሌሊት በጽሑፍ መስመሩ ላይ መልእክት መጣልኝ፦ «ልጄ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ? ና ከእኛ ጋር ብረር።»

የጻፉልኝ ጡረታ የወጡ የቴክሳስ ሰው ናቸው፤ የስኳዱ፣ ማለትም ዘወትር አብሮ የሚበረው ቡድን፣ መሪ። በልቤ ጋሼ እላቸው ነበር። በስኳዱ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ጠበቃ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ አንድ እንግሊዛዊም ነበሩ። እኔ ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። የገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚሆኑት፣ እዚያም ጠበቃው የጀማሪውን ተግሣጽ ይሰማል፤ ለእኔም የእንግሊዝኛዬን አነጋገር ያነሳብኝ ሰው አልነበረም። ስለ አበራረሬ ግን ሁሉም አስተያየት ነበረው።

ያ አስተያየት ማለቂያ አልነበረውም። ተዋጊ አውሮፕላን የሚያበር ሰው በጠባዩ ከሁለት ወገን ወደ አንዱ ያደላል። አንደኛው ከፍታ ወዳድ ነው። 20,000 ጫማ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ከታች አንዱን ሲያይ ቁልቁል ይወረወራል፤ አንዴ ተኩሶ፣ ሲወርድ ባገኘው ፍጥነት ተመልሶ ይወጣል። ፒ-51 እና ፎክ ቮልፍ 190 የእሱ ናቸው። ሁለተኛው ተጠማዛዥ ነው። ስፒትፋየር ወይም ዜሮ ይዞ፣ ክንፉ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ፣ በጠባብ ክብ እየዞረ ከጠላቱ ጭራ ይገባል። አሥርና ሃያ አውሮፕላን እንደ ልቡ የሚተራመስበትን፣ ፈርቦል የሚሉትን ግርግር እንደ ድግስ ይናፍቀዋል። ከፍታ ወዳዱ ተጠማዛዡን «ግልፍተኛ» ይለዋል፤ ተጠማዛዡ ከፍታ ወዳዱን «ፈሪ» ይለዋል።

ክርክሩን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1941 ክሌር ሸኖልት በቻይና ስም የሚዋጉትን አሜሪካውያን አብራሪዎች ሲያሠለጥን፣ የጃፓኖቹ አውሮፕላን በመጠማዘዝ ስለሚበልጥ እንዳይከተሉት፣ ይልቁንም የፒ-40ን ክብደት ተጠቅመው ከላይ እየወረዱ እንዲመቱ ያስተምር ነበር። ከስኳዳችን ግማሹ ሮበርት ሾው እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ስልት ያሳተመውን ወፍራም መጽሐፍ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ነርሷ ቅጠል በቅጠል አስምራበት ነበር።

ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ነበሩ፤ ጋሼ ከእነዚያ ናቸው። ጠመንጃ የሌለውን ማጓጓዣ፣ ሲ-47ን ያበራሉ። አንድን አየር ማረፊያ ለመያዝ በአጠገቡ ያለችው ከተማ ሕንፃዎች መፍረስ አለባቸው፤ ከዚያ 10 ወታደሮች በጃንጥላ ወርደው፣ በእግራቸው ሮጠው ወደ ካርታ ክፍሉ መግባት አለባቸው። ዘጠኙ ገብተው አንዱ መንገድ ላይ ከወደቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ጋሼ እነዚያን አሥር ወታደሮች ጭነው በዛፍ ጫፍ ከፍታ ግማሽ ሰዓት ሲበሩ፣ እኛ በራዲዮ ስንጨቃጨቅ፣ እሳቸው ስለ ቴክሳስ አየር ጠባይ ያወራሉ።

ስኳድ ምን እንደሆነ የገባኝ ከእነዚህ ሰዎች ነው። የጨዋታው ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ነውር የሚደነግገው ስኳድ ነው። ግንባር ለግንባር መጥቶ መተኮስ ይቻላል፤ ገና ከማኮብኮቢያው ያልተነሳውን መምታትም ይቻላል። ለአንዳንዱ ስኳድ ይህ ጨዋታው ነው፤ ለሌላው አንገት የሚያስደፋ ነው። በጠቅላላው ሰማይ የታወቁ፣ ከውጊያ መሸሽን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ተጠማዛዦች ነበሩ። መሞትን እንደ ነውር የሚቆጥሩም ነበሩ፤ ባወረዱትና በወረዱበት መካከል ያለውን ስሌት ሌት ተቀን ያሰላሉ። የእኛ ስኳድ ነውር አንድ ብቻ ነበረች፦ ሰውን ብቻውን መተው። እንደ ልብህ ብረር፤ ግን ጓደኛህ «ከኋላዬ አለ!» ሲል ያለህበትን ተው።

አንድ ሌሊት ይህ ሕግ ከሾው መጽሐፍ ጋር ተጋጨ። የጠላትን ማረፊያ ልንይዝ ነው፤ ከተማዋ ፈርሳለች፤ ጋሼ ከኮረብታው ጀርባ ይዞራሉ። እኔ ፒ-51 ይዤ ከሁሉም በላይ ነኝ። እንግሊዛዊው በስፒትፋየር ከታች አንድ ዜሮ ሲያባርር፣ ሁለት ላ-7 ከጀርባው ገቡ። መጽሐፉ «ከፍታህን አትጣል፤ አንዱ ሲርቅ ጠብቀህ ምታ» ይላል። እንግሊዛዊው ግን «ሁለት ናቸው፤ አልችላቸውም» አለ። ሞተሩን ቀንሼ አፍንጫዬን ቁልቁል ደፋሁ። «ወደ እኔ ዙር» አልኩት፤ ዞረ። ጆን ታች የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1942 በሚድዌይ ላይ የሠራበት ስልት ነው፦ ሁለት ጓደኛሞች እርስ በርስ እየተሻገሩ ሲበሩ፣ አንዱን የሚያባርር ጠላት በሌላው አፈሙዝ ፊት ያልፋል። የመጀመሪያው ላ-7 በፊቴ አለፈ፤ ክንፉ ተገነጠለ። ሁለተኛው እኔን ያዘኝ። ከፍታም ፍጥነትም አልነበረኝም፤ ሞተሬ ተቃጠለ።

በጃንጥላ እየወረድኩ ከተማዋን አየሁ። የጋሼ ሲ-47 በጭሱ መካከል ብቅ አለ፤ ነጫጭ ጃንጥላዎች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ወታደሮቹ ሲሮጡ በራዲዮ ሁላችንም ጮክ ብለን እንቆጥራለን፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥረኛው ከፍርስራሽ ጀርባ ዘግይቶ ገባ። ማረፊያው የእኛ ሆነ። ከኩሽና «ምን ሆናችሁ ነው በዚህ ሌሊት የምትጮሁት?» የሚል ቁጣ ተሰማ። ያወረደኝ የላ-7 አብራሪ ደግሞ «ሰሉት» ብሎ ላከልኝ፤ የዚያ ሰማይ ሰላምታ ነው፤ ተዋግቶ የወደቀን ሰው የሚያከብሩበት።

አሁን ዋር ተንደር የሚጫወቱ ወጣቶች ስለ ጨዋታው ምን እንደማስብ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር ጨዋታ ነው። ስኳዱ እስከ 4 ሰው ነው፤ ውጊያውም ቶሎ ያልቃል፤ ሥራ ለበዛበት ሰው ይመቻል። የሚጎድለኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይተኩሱ አብሮ መብረር ነው። ነውር የሚለመደው በዚያ ጊዜ ነበር፤ በወሬ፣ በተግሣጽ፣ በቀልድ።

እንግሊዛዊው እስከ ዛሬ ይጽፍልኛል። ያን ሌሊት መውረዴ ስህተት እንደነበር ሾውን ገጽ በገጽ እየጠቀሰ ይከራከራል። በመጽሐፉ ከሄድን ልክ ነው። ግን አብሮኝ ሊበር የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የአውሮፕላኑን ዓይነት አልጠይቅም፤ ምን እንደሚያሳፍረው ነው የማየው። እሱም ቢሆን ያኔ «አልችላቸውም» ያለው መጽሐፉን ለሚያከብር ሰው አልነበረም።