ፈጢራ በሐረር

በሐረር፣ በፈረስ መጋላ ዙሪያ፣ ሱቆች ሲዘጉ የፈጢራው ብረት ምጣድ ይግላል። ጋጋሪው ዘይት የጠጣውን ሊጥ በመዳፉ እየሳበ እንደ ሻሽ ያሳሳዋል፤ እንቁላል ሰብሮበት አራት ማዕዘን አድርጎ ያጥፈዋል።

ከአብሮ አደጌ ጋር የምናመሸው እዚያ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነን። በዚህ ሁሉ ዘመን ወዳጅነታችን ከአንድ ገበታ ሥጋ ቆርሰን አናውቅም፤ በሠርጋችን እንኳ «ለእናንተ» ተብሎ ለየብቻ ይታረዳል። ቅያሜ የለበትም፤ የአባቶቻችን ሥርዐት ነው። እንቁላልን ግን «ማን ሰበረው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፈጢራው በአንድ ሳህን ይመጣል፤ በእሱ በኩል ማር፣ በእኔ በኩል ሚጥሚጣ…

ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ሻይ ብቻ አዛለሁ። እሱም ያን ማታ፣ ምንም ሳይናገር፣ ሻይ ብቻ ያዛል።