እንደ ራሴ

አባቶቻችን በሌላው ሰው ፈንታ ተቀምጦ የሚመክረውን ሰው «እንደራሴ» ብለው ሲሰይሙት የሹመት መጠሪያ ብቻ አላወጡለትም፤ እኔ በሌለሁበት ስፍራ እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም፣ እኔ ብኖር የምናገረውን የሚናገር፣ እኔ ብኖር እሺ የማልለውን እሺ የማይል ሲሉ የግዴታውን ልክ በስሙ ውስጥ አኖሩለት እንጂ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ሁለቱን ምክር ቤቶች ሲያቆም ሕዝቡ ገና መራጭ አልነበረም፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ግን ከሁለቱ አንዱ የሆነውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ስለ ፈቀደ፣ ስሙና ግብሩ ያን ጊዜ መቀራረብ ጀመሩ።

የዚህ ስም ክብደት በልቤ የተቀረጸው ግን በሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሰሜን የወረደ መንገደኛ የሚያገኘው ያ ሰፊ መስክ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በመስከረም አደይ ይለብሳል፣ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ለከብት አርቢ ይጫናል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር አጣምሮ የሚያቅደው «ማስተር ፕላን» ከሰው አፍ በማይጠፋበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ማለዳ ከመስኩ ዳር አንድ ሽማግሌ ድርቆሽ ሲያስሩ አገኘሁ፤ ትንሽ ሬዲዮ ከአጥሩ እንጨት ላይ አንጠልጥለው የምክር ቤቱን ስብሰባ ይሰማሉ፤ እጃቸው ገመዱን ሲያጠብቅ ጆሯቸው ከሬዲዮው አልተለየም። «አባቴ፣ ምን እያሉ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንጃ ልጄ፤ ስማችን ይነሣ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ። ስብሰባው እስኪያበቃ ጠበቁ፤ ስማቸው አልተነሣም፤ ድንጋዩ እንዳያልቅ ሬዲዮውን ዘጉና ያሰሩትን ድርቆሽ ተሸከሙ።

እኒያ ሽማግሌ የቆሙበት እርጥብ መስክ ጨፌ ይባላል። በኦሮሞ ሥርዓት ጨፌ ሕግ የሚመከርበት የገዳ ጉባኤም መጠሪያ ነው፤ የክልሉም ምክር ቤት ዛሬ ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። ጣሪያና ግድግዳ በሌለው መስክ ላይ የሚናገር ሰው ሰሚውን መምረጥ አይችልም፤ እረኛው ከወዲያ ማዶ፣ መበለቲቱ ከማጀቷ ደጃፍ፣ ሁሉም ይሰሙታል። በአራት ኪሎው የምክር ቤት አዳራሽ የሚነገር ቃልም እንዲሁ በሜዳ እንደ ተነገረ ሊቆጠር ይገባው ነበር።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ስማቸው እንዲነሣ መመኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋና ከተማይቱ ከቡራዩ አጠገብ ካለው ከገፈርሳ ግድብ ውኃ ትጠጣለች፤ ፋብሪካዎቿን ለሰበታ አካፍላለች፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከሰበታ ይነሣል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም አውቆ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎ ነበር፤ ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ የተመራው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው።

በእነዚያ ዓመታት መካከል፣ በ1997 ዓ.ም. በተመረጠው ምክር ቤት፣ በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር የነበሩትና ከአዋሽ ባንክ መሥራቾች አንዱ የሆኑት አቶ ቡልቻ ደመቅሳ፣ በዕድሜና በሙያ የበሰለ ቃላቸውን ከተቃዋሚው ወንበር ያሰሙ ነበር። በ2002ቱ ምርጫ ግን ከ547ቱ መቀመጫዎች 545ቱ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ፤ አንዱን በግል የተወዳደሩ፣ አንዱን መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ ያዙ። አንድ ሰው ያን ሁሉ እጅ በድምፅ ሊያሸንፍ አይችልም፤ ነገር ግን «አልስማማም» የሚለው ቃሉ በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር፣ በሩቅ የሚያዳምጥ ሰው ሐሳቡ ከሸንጎው ደጃፍ እንዳልተመለሰ ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. ያ አንድ መቀመጫ እንኳ ቀረ።

የእነዚህ ከተሞች ዕጣ የሚወሰንበት ማስተር ፕላንም ሳይነገርለት አልቀረም፤ በአዳራሹ ያላገኘውን አንደበት በጎዳና አገኘ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከተማሪዎች የተነሣው ተቃውሞ በኅዳር 2008 ከጊንጪ እንደ ገና ተቀጣጠለ፤ ብዙ ነፍስ ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዕቅዱ መቅረቱ ተነገረ። በሸንጎ ሊነገር የሚገባው ቃል በጊዜው ካልተነገረ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ዝም ያለው እንደራሴ ሳይሆን የወከለው ሰው ነው።

ቃሉን በጊዜው ተናግሮ ዋጋውን ራሱ የከፈለም አለ። በመንበረ ቁስጥንጥንያ የተቀመጠው ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ «አፈወርቅ» የተባለው ስለ ንግግሩ ጣዕም ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን የምትዘክረው ግን ንግሥት አውዶክስያን ስለ ነጠቀችው የአንዲት መበለት ርስት ገሥጾ በስደት እስከ መሞት ስለ ጸና ነው። የዛሬው እንደራሴ ያን ያህል ስደት አይጠየቅም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተገዥነቱ ለራሱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ በምክር ቤት በሰጠው አስተያየትም እንዳይከሰስ ጋሻ ያለብሰዋል። ጋሻው የተሰጠው ሊመክትበት ነው፤ ሊደበቅበት አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱ ከተሞች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የመሬቱ፣ የውኃውና የቤቱ ጥያቄ ግን ከስም ጋር አልተለወጠም። ካህን በቅዳሴ መካከል የታመሙትንና መንገድ የሄዱትን ሲያነሣ፣ በዚያ የሌሉት በጸሎቱ እንዲገኙ ነው፤ እንደራሴም የሚናገረው ስለዚሁ ይመስለኛል። የሱሉልታው ሽማግሌ ያን ማለዳ ድል አልጠየቁም፤ ስማቸው መነሣቱን ሰምተው ወደ ድርቆሻቸው ሊመለሱ ነበር የፈለጉት።