አርፎ ያልተቀመጠው ልጅ
ቪክቶር ዌምባንያማ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ላስ ቬጋስ ላይ በሁለት ጨዋታ 73 ነጥብ ሲያስቆጥር ገና 18 ዓመቱ ነበር። ምክሩ ጎረፈለት፦ አንደኛ መመረጥህ አይቀርም፣ እንዳትጎዳ ዓመቱን አርፈህ ተቀመጥ። ምክሩ የሞኝ አልነበረም። ቁመቱ 2 ሜትር ከ20 ለሚያልፍ ልጅ አንድ ክፉ አወዳደቅ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያሳጣል፤ ያለፈውን ዓመትም አስቬል ውስጥ ጉዳት ሲያመላልሰው ነበር የከረመው።

እሱ ግን ፓሪስ ተመልሶ በብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ በቬንሳን ኮሌ ሥር ለሜትሮፖሊታንስ 92 ተጫወተ። በነጥብ፣ በሪባውንድ፣ በብሎክ ሊጉን መራ፤ የሊጉ ኮከብም ተባለ። ፍጻሜው ላይ ሞናኮ 3 ለ 0 አሸነፋቸው። በሳምንቱ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ አንደኛ አድርጎ መረጠው። እርግጥ ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ ቢከርምም ይመርጡት ነበር።